አስር ሰዓት ያልኩህ የሌሊቱን ነው

ይድረስ ለወንድሜ ለሬድዋን፤
ማልሞ፣ ስዊድን።

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከረምክ? ጤናህስ? ያ ወገብህን የሚይዝህ ነገር ተሻለህ ወይስ አሁንም ጠዋት ጠዋት ያንገላታሃል? ባለቤትህ ሩፋይዳ እንዴት ናት? ልጃችሁ ጀና አደገች? ባለፈው በላካችሁት ፎቶ ላይ የፊት ጥርሷ ወልቆ ባይ ሳቄ መጣ፤ አንተም በእሷ ዕድሜ እንደዚያው ነበርክ። ከዚህ ቀጥሎ "እኛ ከናፍቆትህ በስተቀር ደህና ነን" ተብሎ ነው የሚጻፈው። ልጆች ሳለን ለአጎታችን ደብዳቤ ስንጽፍ እናታችን አጠገባችን ቁጭ ብላ እንደዚያ ነበር የምታስጽፈን። እኔ ግን ዛሬ እንደዚያ ብዬ ብጽፍልህ ውሸት ይሆንብኛል። አልሐምዱሊላህ፣ በሕይወት አለን። ደህና ግን አይደለንም፤ ናፍቆትህም ቢሆን ሰሞኑን የለብኝም። ሆዴ የሚለውን ነው የምጽፍልህ።

ወረቀት ላይ መጻፌ ሳይገርምህ አይቀርም። ድምፅ ቀድቼ ልልክልህ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴም አልቅሼ አጠፋሁት። ስደውልልህ ታቋርጠኛለህ። የቤተሰቡ ግሩፕ ላይ እንዳልጽፍ አክስቶቻችን በሙሉ አሉበት፤ እኔ እንዳንተ ገመና አደባባይ ላይ ማስጣት አልችልበትም። ወረቀት ግን አይቋረጥም። ይህን ደብዳቤ ይዛ የምትመጣው የሰፈራችን ልጅ ናት፤ ከእጇ ተቀበልና ቁጭ ብለህ ብቻህን አንብበው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ ልጀምር። ልጄ ሀያም ስኳር እንዳለባት የተነገረን አስራ አንድ ዓመት ሳይሞላት ነው። ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ በቀን አራት ጊዜ ኢንሱሊን ስወጋት፣ ጣቷን እየበሳሁ ስለካት፣ ሰዓቱንና ቁጥሩን በደብተር ላይ ስጽፍ ኖርኩ። ጥር ላይ ፓምፑን ስትልክላት እውነቱን ለመናገር እዚህ ቤት ዱዓ ያላደረገልህ ሰው አልነበረም። ያቺ ድሮ የነበሩንን ስልኮች የምታክል ዕቃ ወገቧ ላይ ሆና መድኃኒቱን በጥቂት በጥቂቱ ስትሰጣት፣ ክንዷ ላይ የተለጠፈው ሴንሰር በየአምስት ደቂቃው ስኳሯን ለስልኳ ሲነግር፣ ስልኩ ላይ ያለው አፕ ደግሞ ስኳሯ ሲወርድ ፓምፑን ሲያስቆም፣ ሲወጣ ሲያስጨምርላት አይተን ጉድ አልን። አንተም እዚያ ተቀምጠህ ቁጥሯን በራስህ ስልክ ታያለህ። እናታችን ለጎረቤቱ ሁሉ "ሬድዋን ከዚያ ሆኖ ልጅቷን ይጠብቃታል" ስትል ከረመች።

ስልኩን እዚያው አዘጋጅተህ ነው የላክኸው። ስታዘጋጅ ደውለህ "ስኳሯ የሚያስቸግራት በስንት ሰዓት ነው?" ብለህ ጠየቅከኝ። ደብተሬን ከፍቼ አነበብኩልህ። ከሌሊቱ አስር ሰዓት እስከ ጠዋቱ አንድ ሰዓት ሽቅብ ይወጣል፣ በዚያን ጊዜ መድኃኒቱ በርከት ማለት አለበት፣ ሐኪሟም ያሉት ይህንኑ ነው አልኩህ። እሺ ብለህ ጻፍክ። ከዚያ አፑን በፓስወርድ ቆለፍከውና "እንዳትነካኩት" አልከን። የሀያም ሐኪም ዶክተር ደበላ ለክትትል ስንሄድ ፓምፑ ውስጥ የተሞላውን ሰዓት ልየው ቢሉ ያኔም ደውዬ ጠየቅኩህ። "እነሱ የሚያውቁት መርፌ ነው፤ ያበላሹታል" አልከኝ። አፍሬ፣ ወንድሜ አይሆንም ብሏል ማለት አቅቶኝ፣ ዕቃውን ቤት ረስተነዋል አልኳቸው። ልጅቷ ቀሚሷ ሥር ደብቃ ይዛው አጠገቤ ቆማ ነበር።

ችግር አልነበረም አልልም። ቆዳዋ ሥር የምትገባው ቀጭን ቱቦ ትታጠፋለች። አንዳንዴ አየር ይገባበታል። የፓምፑ ባትሪ ሲደክም ይጮኻል። ይህን ሁሉ ተላመድነው፤ ሀያምማ ዓይኗን ጨፍና ትቀይረዋለች። ያልገባኝ ሌላ ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው፣ ጠዋት ስትነሳ ስኳሯ ሁልጊዜ ሁለት መቶ አርባ፣ ሁለት መቶ ስልሳ ነው። ሁለተኛው፣ ትምህርት ቤት እያለች ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ አፑ ፓምፑን ያስቆመዋል፤ በየቀኑ፣ በዚያችው ሰዓት። ሁለቱንም ጠየቅኩህ። የረፋዱን "ሥራው ነው፤ የማታውቂው ነገር ውስጥ አትግቢ" አልከኝ። የጠዋቱን ደግሞ "ማታ ማታ ምንድን ነው የምታበያት?" አልከኝ።

ሬድዋን፣ ይህችን አንዲት ነገር ልብ ብለህ አንብብ። አንተን አምኜ የልጄን ራት ቀነስኩ። መጀመሪያ ግማሽ እንጀራ አደረግኩት፤ ጠዋት ቁጥሩ ባይቀንስ ሩብ አደረግኩት። ከዚያም ሾርባ ብቻ። አራት ወር ሙሉ ያቺ ልጅ ታናናሾቿ ሲበሉ እያየች ተኛች። አንድ ቀን እናታችን ከራሷ ሳህን ጠቅልላ ስታጎርሳት ይዣት ጮህኩባት፤ በእናቴ ላይ ጮህኩ። ልጄ ጥጋብ አይደለም የጠየቀችኝ፣ ራቷን ነው።

ሰኔ ላይ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና መጣ። ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ በር ላይ ይሰበሰባል። የሐኪም ወረቀት ይዤ አብሬያት ሄድኩ። ፈታኞቹ ከሌላ ትምህርት ቤት የመጡ ናቸውና አያውቋትም፤ ፓምፑን ፈቀዱላት፣ ስልኩን ከለከሉ። ልጨቃጨቅ ስል አንተ ያልከኝ ትዝ አለኝ። "ስልኩ ቢጠፋም አትደንግጪ፤ ፓምፑ በተሞላለት ሰዓት ራሱ ይሠራል" ብለኸኛል። አምኜህ ስልኩን በገዛ እጄ ለዘበኛው ሰጠሁ። ቁርሷን ደግሞ ከፍርሃቷ የተነሳ ግማሹን ትታው ነበር የወጣችው። ከረሜላዋ ቦርሳዋ ውስጥ ነው፤ ቦርሳ ደግሞ ከክፍል ውጭ ግድግዳ ሥር ይደረደራል። ኪሷ ውስጥ መክተት ነበረብኝ። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ ማንም ሳይነግረኝ አምናለሁ፤ አላህም ይጠይቀኛል።

የሆነውን የነገረችኝ ከኋላዋ ተቀምጣ ትፈተን የነበረችው ጓደኛዋ አይሻ ናት። ወደ አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ የሀያም እስክሪብቶ ከወረቀቱ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ይጽፍ ጀመር አለች። መልሷን እንጨት ላይ ትጽፋለች። እጅ አውጥታ እንዳትናገር እንደ ኩረጃ ይቆጠርብኛል ብላ ፈራች። ስድስት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ከወንበሯ ወደቀች። ፈታኙ የፈተና ድንጋጤ መስሎት ውኃ ሲረጭባት አይሻ "ስኳር አለባት! ስኳር ነው!" ብላ ጮኸች። ትንሽ ልጅ ናት፤ የእኛን ሁሉ ያህል አወቀች።

እኔ አዲሱ ገበያ ሱቅ ውስጥ ነበርኩ። ባለቤቴ ኑሕ ዕቃ ሊያመጣ ወጥቷል። ከትምህርት ቤቱ ሲደወልልኝ ሱቁን ለጎረቤት ጥዬ እዚያ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ታክሲው ወደ ጳውሎስ ሆስፒታል ሲወርድ እጆቿ ይንፈራገጡ ነበር፤ ምላሷን ነክሳ ሻሼ በደም ራሰ። ድንገተኛ ክፍል ሲለኳት ሃያ ስምንት። ሃያ ስምንት ሬድዋን። የለካት ሐኪም ቁጥሩን አይቶ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። በደም ሥሯ ግሉኮስ ሰጧት። ስትነቃ መጀመሪያ ያለችው "እማ፣ ወረቀቱን ሰበሰቡት?" ነው። የከሰዓቱም ፈተና አመለጣት። የሆስፒታል ማስረጃ አስገብተናል፤ ድጋሚ ያስፈትኗት አያስፈትኗት እስካሁን የነገረን የለም።

ማታውን ስልኬን ስከፍት አስራ አንድ የድምፅ መልእክት ከአንተ ገብቷል። ቁጥሯ ከጠዋት ጀምሮ ስለጠፋብህ ተቆጥተሃል። እዚያ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር። እናታችን የሆነውን ብትነግርህ ግን ግሩፑ ላይ ዘመድ አዝማድ እየሰማ "ዓሊማ ልጇን በገዛ እጇ ልትገድላት ነበር፤ ስልኩን አውጥታ ሰጠች" ብለሃል። ሩፋይዳም ተቀብላህ፣ እንዲህ ያለ ዕቃ የተማረ እጅ ያስፈልገው ነበር አለች። ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ ሀያም ወደ እናንተ ትምጣ፣ እናቷ ጋር ሆና አትተርፍም ብለህ ለእናታችን ነገርካት። ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ። ያን ሁሉ ስትናገር ምን እንደተበላሸ አንተም አታውቅም ነበር።

ከሆስፒታል ስንወጣ ያዘዝከኝን ሁሉ አንድ በአንድ አደረግኩ። ቱቦውን ቀይሪ አልክ፣ ቀየርኩ። አየር ይኖርበታል አልክ፣ አወጣሁት። ኢንሱሊኑ ሙቀት አግኝቶት ይሆናል አልክ፣ አዲስ ከፈትኩ። ብሉቱዙን አጥፍተሽ አብሪ፣ ሴንሰሩን አንስተሽ ሌላ ለጥፊ አልክ፤ የልጅቷ ክንድ በልጣፊው ተላልጦ እያየሁ ለጠፍኩ። ሁሉም ደህና ነው። ዕቃው አንድም ቦታ አልተበላሸም። "እንግዲያው ችግሩ አንቺ ጋ ነው" አልከኝ፤ ቃል በቃል ይህንን ነው ያልከኝ።

በአራተኛው ቀን ልጄን ይዤ ዶክተር ደበላ ዘንድ ሄድኩ። ዕቃውን ረስተነዋል ብዬ ዋሽቼዎት ነበር ብዬ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ሳይቆጡኝ ፓምፑን ተቀብለው ቁልፎቹን እየነኩ የተሞላውን ማንበብ ጀመሩ። አንተ የቆለፍከው ስልኩ ላይ ያለውን አፕ ብቻ ነው፤ ፓምፑ ራሱ ለሚጠይቀው ሰው ይናገራል ለካ። መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አድርገው "ወይዘሮ ዓሊማ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ቀኑ ሰባት ሰዓት ለምንድን ነው መድኃኒቱ በእጥፍ የሚወርድላት? የሌሊቱ ደግሞ ለምን አነሰ?" አሉኝ። ምኑ ላይ ነው የሚታየው ስላቸው ስክሪኑን አዙረው አሳዩኝ። አስር ይላል፤ ከዚያ አስራ ሦስት። በፈረንጅ አቆጣጠር ከረፋዱ አስር እስከ ቀኑ አንድ ማለት ነው አሉኝ።

የገዛ አፌ የተናገረው ነው ተጽፎ ያየሁት። ከአስር እስከ አንድ። አንተ የእናቴ ልጅ፣ ጉለሌ ተወልደህ ሃያ ዓመት የኖርክባትን አገር ሰዓት፣ እንደ ፈረንጅ ቆጥረህ ሞላኸው። ፀሐይ ስትወጣ አንድ ብለን እንደምንጀምር ጠፋህ። ከሌሊቱ አስር ብዬህ ነበር፤ ሌሊቱ ወዴት ሄደ? ሌሊት ስኳሯ ሲወጣ መድኃኒቱ ተኝቷል፤ ረፋድ ላይ ትምህርቷን ስትማር ይጎርፍባታል።

ታዲያ አምስት ወር ሙሉ እንዴት ሳትወድቅ ከረመች ብዬ ጠየቅኳቸው። አፑ ሲሸፍነው ነው የከረመው አሉኝ። ስልኩ አጠገቧ እስካለ ድረስ ስኳሯ ሲወርድ እያየ ፓምፑን ያስቆምላት ነበር፤ የረፋዱ መቆም እሱ ነው። በፈተናው ቀን ስልኩ በር ላይ ሲቀር ፓምፑ ያለ ተቆጣጣሪ የተጻፈለትን ብቻ ሠራ። ምልክቱን ግን በየቀኑ ሲነግራችሁ ነበር አሉኝ። ሲነግረን እንደነበር አውቃለሁ። ለአንተም ነግሬህ ነበር። የጠዋቱም ቁጥር ከራቷ አልነበረም። ልጄን በከንቱ አስራብኳት።

ይህንን ለእናታችን አስረድቼ ብነግራት ምን ያለችኝ ይመስልሃል? "እዚያ ያለ ሰው እንዴት ይሳሳታል? አንቺ ነሽ በደንብ ያልነገርሽው" አለችኝ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው። እስከ ዛሬ ለሀያም ፓምፑ ውስጥ መድኃኒት ስሞላ ባየች ቁጥር መጥታ ትቆማለች፤ እየጠበቀችኝ ነው። እናቴ ልጄን ከእኔ ትጠብቃለች። ስህተትህን ይቅር ልልህ እችላለሁ፤ ሰው ይሳሳታል፣ እኔም "በእኛ ሰዓት ነው" ብዬ አንድ ቃል ብጨምርልህ ኖሮ ይተርፍ ነበር። ይህን ግን ይቅር ለማለት ገና አልቻልኩም።

አሁን ያለንበትን ልንገርህ። ዶክተር ደበላ የፓምፑን ሰዓት አስተካክለውልናል። ጠዋት መቶ ሃያ፣ መቶ ሠላሳ ሆና ትነሳለች፤ ራቷንም እንደ ሰው ትበላለች። ስልኩ ግን ተዘግቶ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። ስልኩ ከበራ አፑ ያንኑ የተሳሳተውን ሰዓት መልሶ ፓምፑ ላይ ይጽፈዋል ብለውናል። ለማስተካከል ፓስወርዱ ያስፈልጋል። ሁለት ጊዜ ጠየቅኩህ፤ "ማን ንኪ አለሽ?" የሚል መልስ ብቻ ነው ያገኘሁት። አፑ ስለሌለ እንደ ድሮው ጣቷን እየበሳሁ እለካታለሁ፤ ስኳሯ ድንገት ቢወርድ የሚያስቆምላት የለም። ልጄ አንተ በእልህ በያዝከው ፓስወርድ የተነሳ እንደገና ልትወድቅብኝ ትችላለች። እባክህ ላክልኝ። ሌላውን ሁሉ ትተህ መጀመሪያ እሱን ላክልኝ፤ እህትህ ነኝ፣ እለምንሃለሁ።

ሁለተኛው፣ ግሩፑ ላይ በተናገርክበት አፍህ እውነቱን ተናገር። ለእኔ ብለህ አይደለም፤ እናታችን ከእኔ አትቀበልም፣ ከአንተ ትቀበላለች። ሀያም ወደ እኛ ትምጣ ያልከውን ደግሞ ዳግመኛ እንዳትለው። አልሰጥህም። ኑሕም አይሰጥህም፤ እሱ ዝምተኛ ስለሆነ የሌለ አይምሰልህ። ቁጥሯንም ከእንግዲህ በስልክህ አታይም፤ ዶክተር ደበላ አፑን ሲያስተካክሉ ከሚያዩት ሰዎች ዝርዝር ላይ አንተን እንዲያወጡልኝ እጠይቃቸዋለሁ። እንዴት እንደሆነች ማወቅ ስትፈልግ ደውለህ ራሷን ጠይቃት።

ይህንን ስል ከመሬት ተነስቼ አይደለም። ከሆስፒታል በወጣች ማግስት አልጋዬ ላይ ተኝታ፣ ምላሷ ገና ስላልዳነ እየተኮላተፈች፣ "አጎቴ ሬድዋን ስለ እኔ ጠየቀ?" አለችኝ። ወደ ጓዳ ገብቼ መልእክቶችህን አንድ በአንድ እንደገና ሰማኋቸው። አስራ አንዱንም። ፓምፑ አለ፣ ቱቦው አለ፣ ስልኩ፣ ዘበኛው፣ የእኔ ድንቁርና፣ ሁሉም አለ። ልጅቷ ነቃች ወይ የሚል ግን አጣሁበት። ስሟ ራሱ የለም። ተመልሼ "አዎ፣ ደጋግሞ ጠየቀ፤ አልቅሷልም" አልኳት። ደስ ብሏት ተኛች።

በሉ እንግዲህ፣ አላህ ይጠብቃችሁ። ለሩፋይዳ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ያልተማረው እጄ ይህን ሁሉ ጻፈ በልልኝ። ጀናን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ፤ እሷ ምንም አላጠፋችም። ኑሕ ሰላም ብሎሃል፤ ከዚያ በላይ አልጨመረም። እናታችን ዱዓዋ ከአንተ ጋር ነው፤ ወገብህን በሙቅ ውኃ እንድትይዘው ብላለች። ልጆቹ በሙሉ ሰላም ይሉሃል። ሀያምም ሰላም ብላሃለች፤ ስለጠየቅካት አላህ ይስጥልኝ በይልኝ ብላለች።

እህትህ ዓሊማ

ጉለሌ፣ አዲስ አበባ
ሐምሌ ፮ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.